«ተረት ልታጠኝ ነው?» ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ፋንታሲ ለምን ይጠናሉ? እንዴትስ?

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የምትማረውን የእህቴን ልጅ አንዱ «የመመረቂያ ጽሑፍሽ በምን ላይ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «በሳይንሳዊ ልብ ወለድና በፋንታሲ» አለች። ከቢቸና የመጣው ታላቅ ወንድሜ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰና «አንች ልጅ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ተረት ልታጠኝ ነው?» አላት።

«ጋሼ፣ እንዲያው ተረት ብቻ እኮ አይደለም» ብላ ጀመረች። የያዘቻቸው ቃላት ሁሉ የክፍል ውስጥ ቃላት ሆኑባትና ወዲያው ዝም አለች። ወንድሜ ሊያሾፍባት ፈልጎ አይደለም። ጤፍ ሸጦ ያስተማራት እሱ ነው፤ የምትለፋበት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል። እኔም የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኜ ሳለ በዚያች ሰዓት አጥጋቢ መልስ አልመጣልኝም። አሁን ቁጭ ብዬ ጻፍሁት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሁሉም ወሬ በሆነበት፣ «ይኸ እኮ የፊልም ነገር ነው» የሚለው ቃል በየቡና ቤቱ በሚሰማበት በዚህ ወቅት፣ ጥያቄው የወንድሜ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከቃሉ እንነሣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልብ ወለድ ደራሲው ከልቡ ያፈለቀው፣ በእርግጥ ሆኗል ብሎ የማይምልበት ታሪክ ነው። «ሳይንሳዊ» ሲጨመርበት ለብዙ ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣው መንኮራኩርና ሮቦት ነው። እነዚህ ግን ልብሱ ናቸው፤ ሰውዬው ሌላ ነው።

አጥኚዎች እስከ ዛሬ የሚመለሱበትን ትርጉም የሰጠው ዛግሬብ ተወልዶ ካናዳ ውስጥ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ዳርኮ ሱቪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መጽሐፍ ያለውን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በምናውቀው ዓለም ላይ አንድ አዲስ ነገር ይጨምራል። ያ ነገር በምክንያት ሊብራራ የሚችል መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ያለው ኑሮ ሁሉ እሱን ተከትሎ ይለወጣል። ሱቪን ይህን አዲስ ነገር «ኖቨም» ይለዋል። ቃሉ ላቲን ነው፤ የተዋሰውም ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከኤርንስት ብሎክ ነው።

ኖቨምን ለመረዳት ከሞተር ወፍጮ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ወፍጮ ወደ ሰፈራችን የገባ ጊዜ ወንድሜ ልጅ ነበር፤ ታሪኩን ከእሱ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው፣ መጁን ጨብጠው፣ ድንጋዩ ላይ ተደፍተው ያድሩ ነበር። ወፍጮው ሲመጣ አያታችን «ዱቄቱ ጋዝ ጋዝ ይላል» ብላ ለወራት አልቀምስም አለች። ነገር ግን ቀስ በቀስ ሁሉ ነገር ተነቃነቀ። እህሉን በአህያ ጭኖ የሚሄድ ሰው አስፈለገ። ማስፈጫ ብር ይጠይቃል፤ ብሩ እንዲገኝ እንቁላሉ ገበያ ወጣ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተራ የሚጠብቁ ልጃገረዶችና ጎረምሶች መተያየት ጀመሩ፤ ስንት ጋብቻ ከዚያ ደጅ ተነሣ። በመጁ ምት ታጅቦ ሲወርድ የነበረው የሌሊት እንጉርጉሮ ደግሞ ጠፋ፤ ወንድሜ ዜማውን ያስታውሰዋል፣ ግጥሙን ግን ረስቶታል። አንድ ሞተር የሴቲቱን እንቅልፍ፣ የቤቱን ገንዘብ፣ የወጣቱን ፍቅርና የአገሩን ዜማ ነካ።

አሁን ወፍጮው ከመምጣቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ደራሲ ተነሥቶ ይህን ሁሉ አስቦ ጽፎት ነበር እንበል። ሥራው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይባል ነበር። የደራሲው ብልህነት የሚለካው ሞተሩ እንዴት እንደሚዞር በመግለጹ ሳይሆን፣ እንቁላሉ ገበያ እንደሚወጣና እንጉርጉሮው እንደሚጠፋ በማየቱ ነው።

ፋንታሲስ በምን ይለያል?

ፋንታሲ ምክንያት አይቆጥርም። ዘንዶው እሳት የሚተፋው እንዴት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሆኖም ልቅ ነው ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁርና ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ በሴንት አንድሪውስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ላይ አንድ ጥሩ ምሳሌ ሰጥቷል፦ «አረንጓዴ ፀሐይ» ብሎ መናገር ለማንም ቀላል ነው፤ አረንጓዴ ፀሐይ የምትታመንበትን ዓለም መሥራት ግን ድካምና ሐሳብ ይጠይቃል። ጥላው ምን ይመስላል? ሣሩስ? ሰው ስለ ጠዋት ሲዘፍን ምን ይላል? ይህን ሁሉ አስቦ የተሠራውን ዓለም ቶልኪን «ሁለተኛ ዓለም» ይለዋል፤ አንባቢው እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ በዚያ ዓለም ሕግ ያምናል፣ ሲወጣ ወደ ራሱ ዓለም ይመለሳል።

ጥናቱ የጀመረው መቼ ነው?

ብዙዎች የሳይንሳዊ ልብ ወለድን መነሻ ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ካሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ይቆጥራሉ። ሌሎች እ.ኤ.አ. በ1926 ሁጎ ገርንስባክ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ድርሰት ብቻ የቆመ መጽሔት ካወጣበት ጊዜ ይጀምራሉ። መጽሔቱ በርካሽ ወረቀት የሚታተም፣ ሽፋኑ በደማቅ ቀለም ያበደ ነገር ስለነበር መምህራኑ እጃቸውን ሊያስነኩት አልፈለጉም። የወንድሜን ጥያቄ እነሱም ጠይቀዋል ማለት ነው። ዘርፉን የሚያጠና የመጀመሪያው ምሁራዊ መጽሔት «ኤክስትራፖሌሽን» እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሠረተ፤ የአጥኚዎቹ ማኅበር በ1970፣ «ሳይንስ ፊክሽን ስተዲስ» የተባለው መጽሔት በ1973 ተከተሉ። ዛሬ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ዘርፍ በአውሮፓ ትልቁን ክምችት ይዟል፤ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱን የቻለ የፋንታሲ ጥናት ማእከል ከፍቷል።

ታዲያ አጥኚዎቹ ቁጭ ብለው ምን ያደርጋሉ?

ያነባሉ። እንዴት እንደሚያነቡ ለጎጃም ሰው ለማስረዳት ብዙ ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው ሰምና ወርቅ ከአንጥረኛው የመጣ ነገር ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁን በቦታው ያፈሳል። ሰሙ ጠማማ ከሆነ ወርቁም ጠማማ ይወጣል። ስለዚህ ወርቁ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ ሰሙ ራሱን ችሎ ትርጉም የማይሰጥ ቅኔ ተዘርፎ አያልፍም፤ የኔታ ያስቆሙታል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሰሙ ይቆማል? ደራሲው ውኃ የሌለባት ዓለም ከፈጠረ ሰዎቹ እንዴት ይታጠባሉ? እንግዳ ሲመጣ ምን ይቀርብለታል? እንባ እንደ ብክነት ይቆጠራል ወይ? ይህ ካልተመለሰ ወርቁን መፈለግ ከንቱ ነው።

ምሳሌው የሚያነክስበትም ቦታ አለ፤ እሱን አለመናገር ማሳሳት ይሆናል። ቅኔው ከተፈታ በኋላ ዓይናችን ወርቁ ላይ ነው፤ ሰሙ አገልግሎቱን ጨርሷል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ ግን «ሮቦቱ ማለት ሠራተኛው ነው» ብሎ ፈትቶ መዝጋት ሥራውን ማበላሸት እንደሆነ አጥኚዎቹ ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ሮቦቱ ሠራተኛውን ያስታውሰናል፤ ሮቦትነቱም እንዳለ ነው። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አብረው ይሄዳሉ።

አሜሪካዊው ደራሲና ሐያሲ ሳሙኤል ዲላኒ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያል፦ «ዓለሟ ፈነዳ።» በተለመደ ልብ ወለድ ውስጥ ሴትዮዋ ከባድ ሐዘን ደርሶባታል ማለት ነው። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ ግን የምትኖርበት ፕላኔት በእውነት ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ክፍል ውስጥ የምሰጠው የአማርኛ ምሳሌ «ዓይኑን ጣለባት» የሚል ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ወደዳት ብለው ይመልሳሉ። ቀጥዬ «ሰውዬው ግን ዓይኑ የሚወልቅ ማሽን ነው» ስላቸው ክፍሉ ይንጫጫል። ኅብረ ቃል ሲፈታ የሚሰማው ደስታ እሱ ነው። አንባቢው በእያንዳንዱ ቃል ላይ ቆም ብሎ «የትኛውን ይሆን?» እንዲል ይገደዳል፤ ቆም ባለ ቁጥር ደግሞ የለመደውን ቃልና የለመደውን ኑሮ እንደ እንግዳ ያየዋል። ሱቪን በዚህ ላይ ነው ትርጉሙን የመሠረተው፤ የለመድነውን አርቆ፣ ባዕድ አድርጎ ማሳየት።

አንድ ሥራ ላይ ሆነን እንየው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ከማርስ የመጡ ፍጡራን በማሽን ታጅበው እንግሊዝን ይወርራሉ፤ ከእነሱ ጋር የመጣ ቀይ አረምም ወንዙን ሁሉ ይሸፍናል። ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው አስፈሪ ጀብዱ ነው። አጥኚው ግን መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይቆማል። ዌልስ እዚያው አውሮፓውያን በታዝማኒያ ሰዎች ላይ ያደረሱትን እልቂት ይጠቅስና፣ እኛ ይህን ካደረግን በማርሶቹ ላይ ልንፈርድ እንችላለን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቅኝ ገዥውን እንግሊዛዊ በወረራ ሥር ባለው ሰው ቦታ አስቀምጦታል ማለት ነው። ጆን ሪደር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንደ ዘርፍ የተወለደው ከቅኝ ግዛት ዘመን ጋር ተያይዞ እንደሆነ ያሳያል።

እኔ ደግሞ ያንን ቀይ አረም ሳነብ ጣናን ነው የማየው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሩቅ ላየው አረንጓዴ መስክ ይመስላል፤ አበባውም ያምራል። ታንኳ ውስጡ ሲገባ ግን መቅዘፊያው አይነቃነቅም፣ መረቡ ሥሩ ላይ ተጠላልፎ ይቀራል። የዌልስ አንባቢ በለንደን «ቢሆንስ?» ብሎ ያነበበውን የጣና ዓሣ አጥማጅ «ሆነ እኮ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። አንድ መጽሐፍ በሁለት አገር ሁለት ዓይነት እንዴት እንደሚነበብ መመርመርም ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ነው።

ነገን መተንበይ ነው ሥራቸው?

ከሁሉ የበለጠ የተሳሳተው ግንዛቤ ይኼ ይመስለኛል። እርግጥ አልፎ አልፎ ይገጥማል። እንግሊዛዊው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጽሑፍ ሳተላይቶች ከምድር ጋር እኩል እየዞሩ መልእክት ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ ገልጾ ነበር፤ ሆነም። ነገር ግን ያ ጽሑፍ የቴክኒክ ጽሑፍ እንጂ ልብ ወለድ አልነበረም። ኡርሱላ ለ ጊን የተባለችው ታላቅ ደራሲ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ትንቢት እንዳልሆነ፣ የሚገልጸው ያለውን እንደሆነ አጥብቃ ጽፋለች።

ጃፓንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1954 አሜሪካ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያደረገችው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ አመድ በአንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ዘነበ፤ ሠራተኞቿ ታመሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በቦምብ ሙከራ ከባሕር ሥር የተቀሰቀሰው ግዙፍ አውሬ፣ ጎጂራ፣ ሲኒማ ቤት ገባ። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በቀጥታ ለመናገር የሚከብደውን አውሬው ተሸከመው። አጥኚው «አውሬ ይመጣል ወይ?» አይልም፤ «በ1954 ጃፓናዊ ምን ያስፈራው ነበር?» ይላል። ከመቶ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን ፍርሃት የሚያጠና ሰውም እንዲሁ የዛሬ ፊልሞቻችንን ይከፍታል።

«ሮቦት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ቃሉ የመጣው ከቼኩ ደራሲ ከካሬል ቻፔክ የእ.ኤ.አ. 1920 ተውኔት ነው፤ ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። «ሮቦታ» በቼክኛ ጭሰኛው ለጌታው የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። አባቶቻችን «ሁዳድ» የሚሉትን፣ ገበሬው የራሱን እርሻ ትቶ የሹሙን መሬት ሊያርስ የሚወጣበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ትርጉም ሳይነገረው ይረዳዋል። የቻፔክ ሮቦቶች የብረት አይደሉም፤ ሥጋ የሚመስል ነገር ተቦክቶ የተሠሩ ናቸው፤ በመጨረሻም በጌቶቻቸው ላይ ይነሣሉ። እንግዲህ ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስናወራ «አንድ ቀን ይነሣብናል» የምንለው፣ ማሽኑን መርምረን ሳይሆን መቶ ዓመት ያለፈው የአመፀኛ አገልጋይ ታሪክ በአእምሯችን ስላለ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን መሐንዲሶች ይነጋገሩበት። ከየት እንደ መጣ ማሳየት ግን የሥነ ጽሑፍ ሰው ሥራ ነው።

ገድልና ተአምርስ ፋንታሲ ሊባል ነው?

ወንድሜ ይህን ባይጠይቅም እናቴ በልቧ እንደ ጠየቀች እርግጠኛ ነኝ። መልሱ አጭር ነው፤ አይባልም።

ፋንታሲ በጸሐፊና በአንባቢ መካከል ያለ ስምምነት ነው፤ ሁለቱም ነገሩ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ክብረ ነገሥት ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ በአየር የምትሄድ መጓጓዣ እንደ ሰጣት፣ የቀዳማዊ ምኒልክ ተጓዦች ሠረገሎችም ከምድር አንድ ክንድ ከፍ ብለው እንደ ሄዱ ይናገራል። ይህን የጻፈውም የሰማውም በእምነት ነው የተቀበለው። አጥኚው ስለሚበር ነገር የተጻፉ ጥንታዊ ምናቦችን ሲያነጻጽር ሊጠቅሰው ይችላል፤ ፋንታሲ ብሎ ቢሰይመው ግን የሌላውን ሰው መጽሐፍ በራሱ መለኪያ መስፈሩ ነው።

በለመድነው ዓለምና በተአምራቱ ዓለም መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ ቡልጋሪያ የተወለደው ፈረንሳዊ ምሁር ትዝቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970 መርምሮታል። በየአገራችን የሚወራውን ጉትቻ ያደረገውን ጅብ አስቡት። ሰውዬው በጨለማ ሲሄድ ጅብ አጋጠመው፤ ጨረቃዋ ብልጭ ስትል ጆሮው ላይ ጉትቻ አየ። ዓይኔን ነው? ወይስ ይህ ጅብ ቀን ላይ ሰው ነው? «ዓይኔ ነው» ካለ ታሪኩ ወደ ተለመደው ዓለም ተመለሰ። «ሰው ነው» ካለ ወደ ተአምራቱ ዓለም ገባ። ቶዶሮቭ ትኩረት የሰጠው ከሁለቱ መልስ በፊት ላለችው፣ ፀጉር ለምታቆመው የማመንታት ቅጽበት ነው።

በዚህ ጅብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ከሥነ ጽሑፍም ያልፋልና። ጅብ ይሆናል የሚባለው ማን ነው? ቀጥቃጩ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን የሚሠራልን፣ እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ የምትሠራልን ሰው! ከላይ የጠቀስሁት ክላርክ እጅግ የረቀቀ ቴክኖሎጂ ከአስማት አይለይም ብሎ ጽፏል። እሱ ስለ መጪው ዘመን ማሽን ነበር የሚያስበው። እኔ ግን የቀጥቃጩን ወናፍ አስባለሁ። ድንጋይ የመሰለውን ነገር እሳት ውስጥ ከትቶ ስለት አድርጎ ሲያወጣው፣ ዘዴውን የማያውቀው ጎረቤት ጥበቡን አስማት አለው፤ ባለ ጥበቡንም ቡዳ አለው። በዚህ ቃል ምክንያት ስንት ሰው ከጋብቻ፣ ከማኅበር፣ ከመሬት ተገልሎ ኖሯል። ይህ ፋንታሲ አይደለም፤ ያመነው ሰው ስላለ ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ነገር ግን አንድ ደራሲ ነገ ተነሥቶ ቀጥቃጩ ጀግና የሆነበት፣ የብረት ምሥጢር የሚከበርበት ሁለተኛ ዓለም ቢፈጥር አንባቢው የራሱን መንደር አፍሮ ሊያየው ይችላል። የፋንታሲ ጉልበት ከዚህ እንደሚመጣ አምናለሁ።

ኢትዮጵያ በዚህ ጥናት ውስጥ አለች?

ከምናስበው በላይ አለች፤ አንዱ ክር እንዲያውም ከጎጃም ይነሣል። ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር። መጽሐፉን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ያኔ ገና ወጣት የነበረው እንግሊዛዊ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1735 ታተመ። ጆንሰን በ1759 «ራስላስ» የተባለውን ታሪክ ጻፈ፤ በሐበሻ ተራሮች መካከል በደስታ ሸለቆ ስለ ተዘጋበት ልዑል። በስድስተኛው ምዕራፍ አንድ ብልኃተኛ ሰው ክንፍ ይሠራል። ጥበቡን ለሌላ እንደማያስተምር ይናገራል፤ ክፉዎች ከሰማይ ቢመጡ ግንብም ተራራም ባሕርም አያድንም ይላል። ከዚያ ይዘልና ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል፤ አየር ላይ ያልረዳው ክንፍ ውኃው ላይ ያንሳፍፈዋል። «ራስላስ» ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው የሚል ብዙም የለም። ሆኖም ታሪኩ ስሟን በተዋሳት አገር ሰማይ ላይ ከ177 ዓመት በኋላ የጣሊያን አውሮፕላን መርዝ ጋዝ መርጨቱን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ያንን ገጽ በቀላሉ አያልፈውም።

ጥቁር አሜሪካውያን ደራስያንም ኢትዮጵያን ደጋግመው አስበዋታል። ፖሊን ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1903 በተከታታይ ባወጣችው ልብ ወለድ ውስጥ ጥንታዊ ሥልጣኔዋን ጠብቃ የኖረች የተሰወረች የኢትዮጵያ ከተማ አለች። ጆርጅ ስካይለር የጣሊያን ወረራ ባስቆጣው ዘመን፣ ከ1936 ጀምሮ፣ አፍሪካን በሳይንስ ኃይል ነፃ ስለሚያወጡ ጥቁሮች በጋዜጣ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ዙሪያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ባስገባው «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ውስጥ ዋካንዳ የተባለችውን የተሰወረች የአፍሪካ አገር ሲያዩ፣ አጥኚዎች ወደ ሆፕኪንስ መለስ ብለው ያስባሉ።

እዚህ ላይ የሚደባለቁ ሁለት ስሞች አሉ። «አፍሮፊውቸሪዝም» የሚለውን ስም ማርክ ዴሪ የተባለ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1993 አወጣው፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ተነሥቶ መጪውን ዘመን የሚያስብ ጥበብ ነው። ወላጆቿ ናይጄሪያዊ የሆኑት አሜሪካዊቷ ደራሲ ኔዲ ኦኮራፎር ግን የራሷ ሥራ በዚህ ስም እንዲጠራ አልፈለገችም። እ.ኤ.አ. በ2019 «አፍሪካንፊውቸሪዝም» ስትል ጻፈች፤ መነሻው፣ ባህሉም፣ ዓይኑም አፍሪካ ውስጥ የሆነ ማለቷ ነው። ልዩነቱ የስም ጨዋታ አይምሰለን። ታሪኩን የሚያወራው ማን ነው፣ ከየት ቆሞ ነው የሚያየው ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ርእሷን ያጠበበችው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የጅቡን ታሪክ ከገበሬው ወገን ብዙ ሰብስባ ነበር፤ ወንድሜም ሳይወድ በግድ ሦስት ነግሯታል። የተወራባቸው ሰዎች ግን ራሳቸው ምን ይሆን የሚያወሩት? ልጆቻቸውን ሲያስተኙ ጅቡ ማን ነው? ይህን ልትጠይቅ ከከተማው ዳር ወደሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄደች። ሴትዮዋ እጃቸው በጭቃ ተለውሶ ምጣድ እያለሰለሱ ነበር፤ ቀና ሳይሉ አዳመጧት።

«ልጄ፣ የምትፈልጊው ስለ እኛ የሚወራውን ነው፣ ወይስ እኛ የምናወራውን?» አሏት።

«እናንተ የምታወሩትን፣ እማማ።»

«እንግዲያውስ ዛሬ አይሆንም፤ ነገ ገበያ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ።»